ኪራይ እስከ የት ድረስ ሐላል ነው?

ቤት ማከራየት ሐላል መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም አላጋጠመኝም። እኔም ተጠራጥሬ አላውቅም። ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ ከሥራ ስሰናበት እጄ የገባውን ገንዘብ ይዤ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ስዞር የነበረኝ ሙግት አጭር ነበር፤ ወለድ ሐራም ነው፣ ኪራይ ሐላል ነው፣ እንግዲያውስ ገንዘቡን ከባንክ አውጥቼ ቤት ላይ ካዋልኩት ከአላህም ከኑሮም ጋር ተስማማሁ ማለት ነው። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ነገሩ እንዲህ በአጭሩ ተቆርጦ የሚያልቅ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር። 28 ዓመት የሠራሁት በአንድ የግል ማተሚያ ቤት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ቀድሞ የፕሮቪደንት ፈንድ የነበረን ሠራተኞች በፈንዱ መቀጠል ወይም ወደ ጡረታው መግባት እንድንመርጥ ተፈቅዶልን ነበር። እኔ ፈንዱን መረጥኩ። ጡረተኛ ትንሽም ብትሆን በየወሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይቀበላል፤ የፈንድ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ይቆጥርና ከዚያ ወዲያ የሚያስብለት ራሱ ብቻ ነው። በ2012 የተረከብኩት ይህንን ነበር። ባንክ የጨመረበትን ወለድ ለይቼ አወጣሁና፣ የእኔ ስላልነበረ ምንዳ ሳልጠብቅበት ለችግረኞች ሰጠሁ። የቀረው የላቤ ዋጋ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሸቀጥ ዋጋ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር፤ በ2014 ደግሞ ከ30 በመቶ አለፈ። ወለድ አልበላም ያለ ሰው ገንዘቡ በተቀመጠበት ይበላል። ዘካም አለ። ኒሳብ ሞልቶ ዓመት የዞረበት ጥሬ ገንዘብ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ይወጣለታል፤ በሚከራይ ቤት ላይ ግን አብዛኞቹ ዑለማ ዘካውን የሚያዩት ተጠራቅሞ በተገኘው ኪራይ ላይ እንጂ በቤቱ ዋጋ ላይ አይደለም። (ቤት የምንገዛው ዘካን ለመሸሽ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለየኅሊናችን እተወዋለሁ።) ወዳጆቼ ሁሉ “ቤት ግዛ” ሲሉኝ ከልብ አስበውልኝ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያ ገንዘብ አንድ ክፍል እንኳ አይገዛም ነበር። ስለዚህ ከከተማዋ በሚወጡት መንገዶች ሄድኩ። እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አለች፤ ሜዳዋ ያምራል፣ ብርዷ ግን ለሽማግሌ አጥንት አይሆንም ብዬ ቶሎ ተመለስኩ። በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ የወሰደኝ ደላላ ደግሞ ከአሸዋ ሜዳ አለፍ ብሎ አንድ የጤፍ ማሳ ዳር አቆመኝ። ባለማሳው እኩያዬ የሚሆን ገበሬ ነው። የተጠራልኝ ዋጋ ለማመን የሚያስቸግር ርካሽ ነበር። ካርታ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ደላላው “በሌሊት ግድግዳውንና ቆርቆሮውን ታቆማለህ፤ ሲነጋ ተከራይ ታስገባበታለህ፤ ሰው ያለበትን ቤት ቶሎ አያፈርሱም” አለኝ። ጨረቃ ቤት የሚባለው ይኸው ነው። ተከራዩ ለባለቤቱ ንብረት ጋሻ ሆኖ እንደሚቆም ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

ገበሬውን “ወንድሜ፣ ለምን ትሸጣለህ?” አልኩት። “ሐጂ” አለኝ (ሐጅ አላደረግሁም፣ ጢሜን አይቶ ነው)፤ “እኔ ባልሸጥልህ ነገ ለልማት ብለው ይወስዱታል። ካሳው ደግሞ እስከ የት ያደርሰኛል?” ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለእርሻ መሬት የሚከፈለውን ካሳ ያሰላ የነበረው ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ብዙ ይመስላል፤ ግን የተባዛው የጤፍ ዋጋ ነው፣ የከተማ ቦታ ዋጋ አይደለም። በ2006 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተነሳው፣ ብዙ ሕይወትም ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 የተሰረዘው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ፍርሃት ነበር። የዚያ ገበሬ ልጅ ቀድሞ በተሸጠው በማሳው ግማሽ ላይ በተሠራ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ይሠራል። ውሃ ያቀረበልን እሱ ነው።

ሽያጭ በሸሪዓ የሚጸናው በሁለቱም ወገን ፈቃድ ነው። ያ ሰው ፈቃደኛ ነበር? በአፉ “አዎ” ብሏል። ቤቱ እየተቃጠለ ዕቃውን በርካሽ የሚያወጣ ሰውም “አዎ” ይላል። ተመለስኩ። አንድ ወዳጄ “አንተ ባትገዛው ሌላው ይገዛዋል” ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው ገዝቶታልም።

በመጨረሻ በጅማ መንገድ፣ ሰበታ ዓለም ገና አካባቢ ካርታ ያላት አሮጌ ቤት ከነሦስት ሰርቪስ ክፍሎቿ ገዛሁ። ከባለቤቴ ጋር በዋናው ቤት ገባን፣ ሰርቪሶቹን ለፋብሪካ ሠራተኞች አከራየን። ከቡራዩው ማሳ የተመለስኩ ሰው ነኝና በራሴ ኮርቼ ነበር ብል አልዋሸሁም።

እዚህ ላይ የአባቴን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አባቴ መርካቶ አጠገብ ሁለት ክፍል ያከራይ ነበር። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የእኛ ሁለት ክፍሎች አብረው ሄዱ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ ስለነበር ለቀበሌ ሆኑ። በማግስቱ ተከራዮቻችን ሰላምታ ሲሰጡን አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ያዘኑልን መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ግን “ደስታቸውን እየደበቁልን ነው” አለች። ያን ደስታ ለብዙ ዓመታት እንደ ክህደት ቆጥሬባቸዋለሁ። የሰው ንብረት መቀማት ግፍ መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ሆኖም ጥሩ አከራይ የሚባለው አባቴ ቤቱን ሲያጣ ተከራዮቹ ለምን ደስ አላቸው ብዬ የጠየቅሁት ራሴ አከራይ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከተከራዮቼ አንዷ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ያላት ወጣት ነበረች። በወር 1,500 ብር ትከፍለኛለች። በ2014 ዘይቱም ስንዴውም ሲወደድብኝ ኪራዩን 2,500 አደረግሁት፣ የሦስት ወርም ቅድሚያ ጠየቅሁ። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር። አልተከራከረችም። “እሺ ጋሼ” አለችና ወሩ ሲያልቅ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ወደ ፉሪ በኩል ሄደች፤ ርካሽ ቤት አግኝታለች አሉ። ርካሽ የሆነው ጨረቃ ቤት ስለሆነ ነው። በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር ሲጠቃለሉ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት ስለ ማፍረሱ መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል። አንድ ቀን ማታ ልጅቱ ፍራሿንና ልጇን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። “ጋሼ፣ ክፍሏ ተያዘች እንዴ?” ተይዛለች፤ በ2,500 ብር።

ሳሎናችን ውስጥ አሥራ አንድ ሌሊት አደሩ። ከዚያ ወደ ዘመዶቿ አገር ገባች።

ጉዳዩን ለማውቃቸው ኡስታዝ አቀረብኩ። “ውሉ ትክክል ነው፣ ዋጋው የገበያ ዋጋ ነው፣ ገንዘብህ ሐላል ነው” አሉኝ። ዝም ብዬ ስቀመጥ ግን “የጠየቅኸኝ ስለ ገንዘቡ ነው ወይስ ስለ ልጅቱ?” አሉ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበትና የደረስኩበት ይህ ነው። ኪራይ ከወለድ የሚለየው በስሙ አይደለም። አበዳሪ ገንዘቡን ሰጥቶ ይተኛል፤ ተበዳሪው ከሰረ፣ ታመመ፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ ለአበዳሪው ያው ነው። አከራይ ግን ቤቱ ከፈረሰ ኪራዩ ይቆምበታል፤ ጣሪያው ቢያፈስ እሱ ይጠግናል። የፊቅህ ሊቃውንት ጥቅምን ከኃላፊነት ጋር የሚያያይዙት ለዚህ ይመስለኛል፤ የጉዳቱን ዕጣ የተሸከመ ሰው ነው ጥቅሙም የሚገባው። እንግዲህ ራሴን ስመረምር፣ ጣሪያው ሲያፈስ “ጄሶና ላስቲክ ገዝተሽ ሸፍኚው” ያልኩት እኔ ነኝ። ኑሮ ሲወደድ ድርሻዬን ሳልቀንስ ሙሉውን ወደ እሷ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ሥራ ብታጣ እንዳልጎዳ የሦስት ወር በቅድሚያ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድም ስጋት በእኔ ጫንቃ ላይ አልቀረም ነበር። ከዚያ በኋላ የተቀበልኩት ብር ኪራይ ይባላል፤ ጠባዩ ግን ባንክ ጨምሮልኝ ለችግረኛ ካወጣሁት ብር በምን ይለያል? ሐራም ነው ብዬ ፈትዋ መስጠት የእኔ ደረጃ አይደለም፤ ወላሁ አዕለም። የማውቀው ያንን ለይቼ ማውጣቴን፣ ይህንን ግን መብላቴን ነው።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም መንግሥት በሚወስነው ልክ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲሆን ደንግጓል። አከራይ ወዳጆቼ ሲቆጡ ሰምቻለሁ፤ ቅሬታቸውም ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በአዋጅ አልተገደቡም። እኔ ግን አዋጁ ሲወጣ የተሰማኝ እፍረት ነው። እኔው ማድረግ የነበረብኝን ነገር መንግሥት እስኪያዘኝ ጠበቅሁ።

አሁን ጥገናው ሁሉ የእኔ ነው፣ ቅድሚያ የምቀበለው የአንድ ወር ብቻ ነው። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። “እኛ ስንታመም ማን ይታገሠናል? ፋርማሲው ይታገሠናል?” ትላለች፤ የደም ግፊት መድኃኒቷ በየወሩ ዋጋው ስለሚጨምር ነገሯን ቀላል አድርጌ ማለፍ አልችልም። ጡረታ ቢሆን መንግሥት ነበር የሚታገሠን። ፈንድ የመረጥነው እኛው ነን፤ የእርጅናችንን ስጋት የሚሸከም ሰው ስናጣ ሦስት ክፍል ሙሉ ተከራይ ላይ ጫንነው።

የመጀመሪያዋ ክፍል ውል በሚቀጥለው ወር ሁለት ዓመቱ ይሞላል። ተከራዩ ፋብሪካው ሠራተኛ እየቀነሰ መሆኑን ነግሮኛል። አዲሱን የውል ወረቀት ትናንት ከመግሪብ በኋላ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጣ አይታዋለች። የዋጋውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።