ስለ መታዘዝና ስለ መሥዋዕት

አማርኛችን አንድ ጉድ አለበት። «ታዘዘ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ ትእዛዝ ደረሰው ማለትም ነው፣ ትእዛዙን ፈጸመ ማለትም ነው። አለቃው «ሂድ» ቢለው ሰውየው ታዘዘ፤ ተነሥቶ ቢሄድም ታዘዘ። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ፣ ሰውየው ቆሞ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚልባት ቅጽበት፣ በዚህ ቃል ውስጥ ቦታ የላትም። ክርስትና ስለ መታዘዝ የሚያስተምረውን ሳስብ እኔን የምታስጨንቀኝ ይህችው ቅጽበት ናት።

መሥዋዕት የሚለውም ቃል ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ብዙ አገር ዞሯል። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ «መሥዋዕትነት» እያለ አነሣው፤ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደርግም ወሰደው፣ ደርግን የተዋጉትም ወሰዱት። በብሉይ ኪዳን መሥዋዕት አቅራቢውና የሚታረደው ሁለት ናቸው። በሐዲስ ኪዳን ግን ክርስቶስ ካህንም በግም ሆነ ይሉናል መምህራን። እንግዲህ መሥዋዕትነትን የሚሰብክ ሰው ሲመጣ «ቢላዋውን የያዘው ማነው? የሚታረደውስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይገባም።

ሳሙኤል ለሳኦል መታዘዝ ከመሥዋዕት እንደሚበልጥ የነገረውን ቃል በየዐውደ ምሕረቱ እንሰማዋለን። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ግን ሳኦል የታዘዘው ምን እንደነበረ ነው። አማሌቅን ከነሕፃናቱ እንዲያጠፋ ነበር። ይኼን የሚያነብ ሰው ልቡ ካልደነገጠ እኔ እሱን እፈራዋለሁ። አብርሃምም እንደዚሁ ነው። ለሰዶም ከተማ ከእግዚአብሔር ጋር ቁጥር እየቀነሰ የተከራከረ ሰው ለልጁ ሲሆን አንድ ቃል አልተናገረም። የዴንማርኩ ፈላስፋ ኪርክጎር እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፉ በዚህ ዝምታ ብዙ ተመራምሯል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሣራ ነገር ነው፤ በምዕራፉ ውስጥ ስሟ እንኳ አይነሣም። ልጁ የእሷም ልጅ አይደለም እንዴ?

ወደ አገራችን እንመለስ። ሰሜን ያደገ ሰው ቅዱስ ያሬድን ከመጽሐፍ አስቀድሞ በተራራ ያውቀዋል፤ «አባ ያሬድ» የሚባል ተራራ አለንና። ታሪኩ የታወቀ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙ እየፈሰሰ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። ንጉሡ ሲነቃ ደንግጦ «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለው። ያሬድም የጠየቀው መሰናበቻ ነው። ንጉሡ ቢያዝንም ቃሉን ማጠፍ አልቻለም። ያሬድ ወደ ሰሜን መጥቶ እዚሁ እንዳረፈ ይነገራል።

ሁሉም የሚያወራው ስለ ደሙ ነው። እኔ ግን ደሙ መሥዋዕት አይመስለኝም፤ ማንም አላዘዘውም፣ እሱም አልመረጠውም፣ እንዲያውም አላየውም። መሥዋዕቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ድምፁን የሚወድለትን ጉባኤ ትቶ መውጣቱ። ከደባርቅ ተነሥቶ ጨነቅ ድረስ የሄደ ሰው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ነውና፣ ያ ምርጫ ቀላል እንዳልነበረ ብርዱ ራሱ ይነግረዋል። (ዛሬ ቦታው ዋልያ ለማየት የሚመጣ ቱሪስት ድንኳን የሚተክልበት ነው።) ደግሞ ልብ በሉ፤ ያሬድ ኮብልሎ አልሄደም። በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የታዘዘው ንጉሡ ነው፣ ለገዛ ቃሉ።

ይኼን ሁሉ የማነሣው ለፍልስፍና ብቻ ብዬ አይደለም። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ። 6ኛ ክፍል ሲደርስ አባታችን «ሞፈር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ አንደኛችሁ ትማሩ» አለ። ወንድሜ ደብተሩን አስቀመጠና የገብሱን እርሻ ያዘ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ኪርክጎር የምጽፈው በዚያ ነው። የሰፈሩ ሰው «ታዛዥ ልጅ፣ ወላጁን ያከበረ» እያለ ያመሰግነዋል፤ ቄሱም በምሳሌነት ጠቅሰውታል። ባለፈው ክረምት አብረን ስናርም «ጋሼ፣ ያኔ ፈቅደህ ነው?» አልኩት። ሳቅ አለና «ማን ጠየቀኝና!» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ቢጠይቁኝም ያው ነበር» ብሎ አረሙን ቀጠለ።

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እስከ ዛሬ አላስታረቅኋቸውም። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ እሱ በጉ ነው፣ ካህኑ ሌላ ሰው ነው፣ የሥጋው ተካፋይ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ራሱን የሰጠ ሰው ነው፤ ግን ባልጠየቁት ጥያቄ እንዴት መልስ ሰጠ ይባላል? «አባቱ ያውቀዋል፣ ልቡን ያውቃል» የሚሉኝ አሉ። ልብን ማወቅና ልብን መጠየቅ ግን ይለያያል። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው ቢቻል እንዲያልፍለት ለምኗል፤ መታዘዙ የመጣው ከልመናው በኋላ ነው። ያቺ ስም የሌላት ቅጽበት ለክርስቶስ እንኳ ተሰጥታዋለች። ታዲያ ለአንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ምነው ተነፈገች?

መጠየቅ እምነትን ያላላል የሚል ሰው ቢኖር ወለተ ጴጥሮስን ያስታውስ። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ሲቀበል ለባሏም ለንጉሡም እንድትታዘዝ ይጠበቅባት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሚዛን ሁለቱም የእግዚአብሔር ሥርዓት ናቸው። እሷ ግን ትዳሯን ጥላ መነኮሰች። ከእኛ ቆላ በታች ወዳለው ዋልድባ ወረደች፤ ጸለምትም ገብታ ሕዝቡ ሃይማኖቱን እንዳይለውጥ ሰበከች። ለዚህም ንጉሡ ፊት ቀረበች፣ ተጋዘች። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። ቤተ ክርስቲያን ይህችን እምቢተኛ ሴት ቅድስት ትላታለች፤ ገድሏም ተጽፎላታል።

አቡነ ጴጥሮስም እንዲሁ ናቸው። ፋሺስቱ ሕዝቡ እንዲገዛለት እንዲሰብኩ ሲጠይቃቸው እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ለገዥ መገዛት ይገባል የሚለው የጳውሎስ ትምህርት በእጃቸው ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሸንጎው ፊት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር እታዘዛለሁ ያለውም በእጃቸው ነበር። ከሁለቱ መምረጥ ነበረባቸው፤ የመረጡበትንም ዋጋ የከፈሉት በራሳቸው ነፍስ ነው። ስማቸውም ያንኑ ስም ሆነ።

እንግዲህ አንድ ጓደኛዬ ይኼን ስነግረው «አንተ እምቢታን ልታስቀድስ ነው» አለኝ። አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ እኮ ኋላ የራሷን ማኅበር ስትመራ ሥርዓቷ የጠበቀ ነበር፤ መነኮሳቱ ያለ ማንገራገር እንዲታዘዟት ትሻ ነበር። ንጉሥን እምቢ ያለች ሴት በገዳሟ እምቢታን አትወድም። ይኼ ግብዝነት አይደለም የሚሉ አሉ፤ መነኩሲቱ ፈቅዳ ነውና የገባችው፣ በሩ ላይ ተጠይቃለች ይላሉ። ምናልባት። ግን በሩ ላይ አንድ ቀን «እሺ» ማለት ለዕድሜ ልክ ይበቃል ወይ? ወንድሜስ በሩ ላይ መቼ ቆመ? በሚመጣው ክረምት ስወርድ አባታችንን እጠይቀዋለሁ ብያለሁ፤ ወንድሜ ግን «ተወው፣ ያረጀ ሰው ነው» ይለኛል።