ማክበር መካድ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው የጽጌ ወራት ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር፣ በምንማርባት በፖርትላንድ ከተማ፣ በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት፣ ወደሚገኝ የካቶሊካውያን የጸሎት ሥፍራ ሄጄ ነበር። የከተማው ሰው ቦታውን «ግሮቶ» ይለዋል፤ ዋሻ ማለት ነው። የሄድነው ለጸሎት አልነበረም። የትምህርቱ ውጥረት ጸንቶብን ስለ ነበር ጥቂት ጸጥታ ፈልገን ነው። ጸጥታውን አገኘነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ተመለሰ። ይኸውም፦ የእኛ ባልሆነ የእምነት ሥፍራ በአክብሮት መቆም የራስን ሃይማኖት ማላላት ነውን? የሚል ነው።

ቦታው በከተማ መካከል ሆኖ ሳለ ደን ነው። ስፋቱ 62 ኤክር፣ ማለትም 25 ሔክታር ያህል ነው። ከመኪናው መንገድ ገባ ሲሉ ጽድ የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች የከተማውን ጩኸት ይውጡታል። ከዛፎቹ መካከል ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የድንጋይ ገደል ይታያል። ከገደሉ ግርጌ ዋሻ ተፈልፍሎ፣ በውስጡ መንበርና ከእብነ በረድ የተሠራ ሐውልት አለ። ሐውልቱ በሮም የሚገኘው የማይክል አንጄሎ ሥራ ቅጂ ሲሆን እመቤታችን የሞተውን ልጇን በጭኗ ላይ አሳርፋ ያሳያል። ከዋሻው ፊት ምእመናኑ በዛፎቹ ሥር ተቀምጠው የሚጸልዩባቸው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሻማም ይበራል።

ሥፍራውን ያቋቋሙት አባ አምብሮስ ሜየር የሚባሉ፣ በካናዳ የተወለዱ መነኩሴ ናቸው። ማኅበራቸውም በ13ኛው መቶ ዓመት በፍሎሬንስ ከተማ የተመሠረተው «የማርያም አገልጋዮች» የተባለው ማኅበር ነው። እንደሚተረከው አባ አምብሮስ ገና ልጅ ሳሉ እናታቸው በወሊድ ምክንያት ለሞት ተቃርበው ነበር። ልጁም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ እናቱ ቢድኑለት አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ ተሳለ። እናቲቱም ዳኑ። ስእለቱ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ መሬቱ ከአንድ የባቡር ኩባንያ ተገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በዚህ ደን ተፈጸመ።

ከዋሻው አጠገብ ስንደርስ ባልንጀራዬ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመና «እኔ ከዚህ አላልፍም» አለኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁት። «አባቶቻችን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሞቱበትን ነገር እንደ ሽርሽር አላየውም። ደግሞም የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሥዕል ፊት እንጂ በተቀረጸ ሐውልት ፊት አትጸልይም» አለ። ነገሩ እውነት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው በሕዝቡ ላይ ለመጫን በመሞከራቸው፣ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ በሺህ የሚቈጠር ሰው አለቀ። ይህን ሊረሳ የሚገባው ወጣት የለም።

እኔ ግን ትቼው ገባሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ነበር። በዚያ ሰሞን የእኔም እናት አገር ቤት ታማ ተኝታ ነበር። የዚያን ሕፃን ስእለት አስታወስሁና እጄ ወደ ሻማው ሄደ። ዘወር ስል ግን ባልንጀራዬን ከዛፉ ሥር አየሁት። እጄን ሰበሰብሁ።

ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን ደጋግሜ አሰብሁት። አገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ ልማድ አላት፤ እርሱም ለቅሶ መድረስ ነው። ጎረቤታችን ሙስሊምም ይሁን ካቶሊክ፣ ሰው ሲሞትበት ድንኳን አብረን እንተክላለን፣ እናስተዛዝናለን፣ አስከሬኑን እንሸኛለን። የጸሎታቸው ሰዓት ሲደርስ ግን ዝም ብለን ፈቀቅ እንላለን። ለቅሶ በመድረሱ ካደ የተባለ ሰው የለም፤ የቀረ ሰው ግን ጨካኝ ይባላል። በዚያ ዋሻ ውስጥ ያለው ምሳሌ ምንድን ነው? የልጇን ሬሳ የታቀፈች እናት ናት። ካቶሊካውያን ሰባት ኀዘኖቿን ይቈጥራሉ፤ የመጀመሪያው የአረጋዊው ስምዖን ቃል፣ ሁለተኛው ወደ ግብፅ መሰደዷ ነው። እኛስ በጽጌ ወራት ማኅሌት ቆመን፣ በሰቆቃወ ድንግል የምናለቅሰው ለዚሁ ስደት አይደለምን? በኀዘኗ ፊት ዝም ብሎ መቆም ክሕደት ሊሆን አይችልም።

ይህ ሲባል ግን ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። ለቅሶ የደረሰ ሰው የቤቱ ወራሽ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የለየን የሃይማኖት ቃል አለ። ቅዱስ ቁርባንም የአንድ እምነት ማኅተም ነውና ከዚያ መቀበል እንግድነት ሳይሆን አባልነት ነው። ማክበር ደጃፍ አለው። ደጃፉን የማያውቅ ሰው ራሱንም የቤቱንም ባለቤቶች ያታልላል።

ስለ ሻማውስ? የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ መተውህስ መልካም፤ የተውኸው ለማን ብለህ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ባልንጀራዬ ባይኖር ኖሮ አበራው ነበርና። እንግዲህ እጄን የያዘው ሃይማኖት ሳይሆን ይሉኝታ ነበር።

ባልንጀራዬን ደግሞ ተመልከቱት። ኮፍያውን አውልቆ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ከዛፉ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ጠበቀኝ። አልተሳለቀም፤ የሚያለቅሱትን እናት አተኵሮ አላየም። ስንመለስም በመንገድ ላይ የጠየቀኝ «እናትህ እንዴት ናቸው?» ብሎ ብቻ ነው። እኔ ገብቼ በሁለት ልብ ቆምሁ፤ እርሱ በውጭ ሆኖ በአንድ ልብ አከበረ።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ማክበር መካድ አይደለም፤ መናቅም ጽናት አይደለም። የገባም ቢሆን የቀረ፣ እያንዳንዱ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው በማን ፊት እንደ ቆመ ነው። የሰውን ዓይን ፈርቶ የጸና፣ የሰው ዓይን በሌለበት ቀን ምን ይዞ ይጸናል?

በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ለእናቴ ሻማ አበራሁ። በዚያን ጊዜ ማን እንዳየኝ ዘወር ብዬ አልተመለከትሁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።