ስድቡ የማን ነው?

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ካወቃችሁ «ተቀበል!» የምትለዋን ቃል ታውቋታላችሁ። አንዱ እንግዳ ከተቀመጠበት ሆኖ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በዜማ ይቀበለዋል። ስንኙ የሚወጋው ብዙ ጊዜ እዚያው ማዶ የተቀመጠ ሰው ነው። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ታዲያ ስድቡ የማን ነው? ስንኙን የሰጠው ሰው «ያለው አዝማሪው ነው» ይላል። አዝማሪው ደግሞ «ተቀበል ተባልኩ፣ ተቀበልኩ» ይላል። ተሰዳቢ አለ፤ ተሳዳቢ ግን የለም።

ኮሜዲያንም ይህችን መውጫ በር በደንብ ያውቃታል። ገጸ ባህሪ ሆኖ መድረክ ላይ ሲወጣ ተናጋሪው እሱ አይደለም፤ ሰካራሙ ነው፣ ዘበኛው ነው፣ ገና ከገጠር የመጣው ልጅ ነው። ቅር ያለው ሰው ካለ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ለቀልድ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

ይህ መልስ እኔን አያሳምነኝም። የቀልደኛውን ልብ ማን ገብቶ ያየዋል? እኔ የማየው ቤቱን ነው። የተቀለደበት ሰው መልስ መስጠት ይችላል ወይ?

ካዛንቺስን እንውሰድ። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ቤቶች የመጣ። በኋላ ሰፈሩ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። ከእነሱ አንዱን፣ ፈንድቃን፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ አዝማሪውም ጃዙም ሥዕሉም የሚገናኙበት የባህል ማዕከል አድርጎት ነበር። አዝማሪ ቤት ጠባብ ነው፤ ዘፋኙና እንግዳው ጉልበት ለጉልበት ናቸው። አዝማሪው ስለ ጫማህ ወይም ስለ ቋጣሪነትህ ሲገጥም ዓይን ዓይንህን እያየ ነው። ከከፋህ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ስንኝ ያነሳሃል። አልዋጥልህ ካለም አንተም በተራህ «ተቀበል!» ትላለህ፤ በገዛ አፉ የገዛ ስድቡን ይዘፍናል። የቤቱ ፍትሕ ይሄ ነው።

አሁን ቂርቆስ ውስጥ አንድ የሰፈር የበዓል ዝግጅት አለ እንበል። ድንኳን ተተክሏል፣ ኪቦርድ አለ፣ ማሲንቆ አለ። አንድ ልጅ ወጥቶ የእድሩን ሊቀመንበር አነጋገር ያስመስላል። ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ሆነው ይስቃሉ፤ ማይኩን ቢጠይቁም ይሰጣቸዋል። ቀጥሎ ልጁ ሻሽ አስሮ፣ አማርኛውን እየሰባበረ፣ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ይመጣል። ሳቁ ይብሳል። እዚያው ሳህን የምትሰበስበው ልጅ ግን ማይክ አይሰጣትም። ብትስቅ እንኳ ሳቋ ፈቃድ ነው ማለት አይቻልም፤ እንጀራዋ ነውና። ሁለቱም ቀልዶች እኩል ሊያስቁ ይችላሉ። በፍትሕ ግን እኩል አይደሉም።

«እና በድሃ አይቀለድ?» የሚል ይኖራል። ይቀለድ እንጂ! ሰውን ከሳቅ ጨርሶ ማስወጣትም ሌላ ንቀት ነው። ግን ልጅቷ መመለስ ካልቻለች፣ ገጸ ባህሪዋ ትመልስላት። ሻሽ ያሰረችው ሴትዮ እመቤቷን አፍ የምታስይዝበት አንድ መልስ ይኑራት። መልሱን መጻፍ ደግሞ የኮሜዲያኑ ሥራ ነው፤ አማርኛ ከመሰባበርም ይከብዳል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምክንያት አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበተነ። ቀልዳችን ከጠባቧ ቤት እየወጣ ስልክ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ቀልደኛው የማንንም ፊት አያይም። ከሥር ሺህ ኮሜንት ቢጻፍ አንዱንም በገዛ አፉ የመዝፈን ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ተራው የሚዞር ከሆነ ስድቡ የቤቱ ነው፤ ሁሉም ይካፈለዋል። ካልዞረ ግን የገጸ ባህሪው አይደለም፤ ማይኩን የያዘው ሰውና አብረን የሳቅነው የእኛ ነው።