ግምትና ፍርድ

ሱሉልታ፣ ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠን፣ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ማን ይመረጥ እያልን እንከራከር ነበር። ቦታው ለሦስት ወንዶች ብቻ ነው። ልምምድ የጨረሱ ሯጮች ላብ በላብ ሆነው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ እኛ ብርጭቆ ጨብጠን አንዱን እንሾማለን፣ ሌላውን እንሽራለን። የታምራት ቶላ ስም ሲነሣ «እሱማ አበቃለት!» ብዬ የቀደምኩት እኔ ነበርኩ።

ምርጫውም ግምቴን የደገፈ መሰለ፤ ታምራት ተጠባባቂ ሆነ። ኋላ ግን የዚያው ዓመት የቦስተን አሸናፊ ሲሳይ ለማ በጉዳት ቀረና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ፣ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ወርቁን አጠለቀ።

ለመሆኑ መራጮቹ ተሳስተው ነበር? አይመስለኝም። ቦታው ሦስት ከሆነ አራተኛው መቅረቱ ግድ ነው፤ ሲሳይም የሚናቅ ሯጭ አልነበረም። አሜሪካኖች እንኳ በራሳቸው ዓይነት እግር ኳስ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ቡድኖቻቸው ወጣቶችን በተራ ሲመርጡ ቶም ብሬዲን የጠሩት 199ኛ አድርገው ነው፤ እሱ ግን ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ግምት ይስታል፤ መሳቱም ነውር አይደለም።

ነውሩ ወዲህ ነው። መራጭ «ዛሬ ተራህ አይደለም» ይላል፤ እኔ ግን «አበቃለት» አልኩ። ያኛው ስለ ቦታ የተነገረ ግምት ነው፤ የእኔው በሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ። ታምራት ፓሪስ ላይ ቢሸነፍ ኖሮስ ቃሌ ትክክል ይሆን ነበር? አይሆንም። ወርቁ ያሳፈረው ግምቴን ነው፤ በቃሌ ግን ያለ ወርቅም ላፍር ይገባኝ ነበር።