ስም ቢለወጥ ባሕርይ ይለወጣልን?

ዐባይ ከአሶሳ በስተሰሜን በጉባ በኩል ወርዶ ድንበር ከተሻገረ በኋላ በሱዳን ምድር በሌላ ስም ይጠራል። የቤኒሻንጉል ሰው ይህን አያደንቅም፤ ውኃው ዕለት ዕለት አዲስ ኾኖ ሳለ ወንዙ ያው ዐባይ እንደ ኾነ ያውቃልና። ውኃው ሲያልፍ ወንዙ የሚጸና ከኾነ፣ ብረቱ ሳይለወጥ ስሙና ሥራው የተለወጠ ነገር ምን ይባላል?

በጥር 1936 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» የተባለች መርከብ ሥራ አስዠመረ። ስሟ የአላስካ ወሽመጥ ስም ነው። ተግባሯ በባሕር ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች መመገብና መጠገን ነበረና፣ የእርሷ ዓይነት መርከብ 80,000 ጋሎን፣ ማለት ወደ 300,000 ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን ይይዝ ነበር። ይህን ተሸክማ ወደ ፊሊፒንስ ጦርነት ገባች፤ ጃፓኖች ከነአውሮፕላናቸው ራሳቸውን በመርከብ ላይ በሚወረውሩበት ባሕር ውላ ተረፈች።

በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ምጽዋ ላይ ነዳጅ ማደሏ ቀርቶ የዕጩ መኰንኖች መማሪያ ኾነች። ነገር ግን የተሰጠችው በውሰት ነበር፤ ዋጋዋ ተከፍሎ የኢትዮጵያ ገንዘብ የኾነችው በ1968 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አሥራ አራት ዓመት ያህል ስሟ የአገር፣ አካሏ የባዕድ ነበረ። ስሙ ሐሰት ነበርን? አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ስመ ተጸውዖን ከስመ ግብር መለየት ያውቃል፤ ያቺ መርከብ ግን በመዠመሪያ መጠሪያ ብቻ የነበረውን ስም በሥራ አገኘችው፤ በእርሷ ላይ ባሕርን የተማሩት ልጆች የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩና። የውሉ ወረቀት ያልሰጠውን የተማሪዎቹ ድካም ሰጠ። ዘውዱ ወድቆ ደርግ ሲተካም ስሙ አልተለወጠም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ከሌሎች መርከቦች ጋራ ወደ የመን ሸሸች። ከዳች የሚላት ይኖራል፤ ብረት ግን አይከዳም። ክዳት በሰው ላይ ብቻ የሚቈጠር ነው፤ መርከበኛውም አዛዥ ባጣበት ቀን ነፍሱን ቢያድን ፈራጁ ሊቸኩልበት አይገባም። ይሁን እንጂ የአገር ስም የተጻፈባት መርከብ በባዕድ ወደብ ታስራ ከኹለት ዓመት በኋላ ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህን ዕዳ በማን ስም ይጽፉታል? ያዘዙት ወርደዋል፤ የተካቸውም መንግሥት የባሕር ኃይሉን በትኗል።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የባሕር ኃይሉን እንደ ገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋራ ተስማማ። ነገ አንዲት አዲስ መርከብ «ኢትዮጵያ» ብትባል ከቀድሞዋ አንዲት ሚስማር እንኳ አይኖርባትም፤ ይሁንና የመን ላይ ስለ ቀረችው የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልስ የሚጠበቀው ከእርሷ አዛዥ ነው።