ሲናር ሲታረም

በአማርኛ ከማሳ ውስጥ አረም የሚነቅለው ገበሬም፣ የጽሑፍ ስህተት የሚያቃናው ሰውም አራሚ ነው። ወህኒ ቤቱ ሳይቀር ማረሚያ ቤት ተብሏል። መንቀልና ማቃናት በአንድ ግስ ታስረዋል። ሁለቱ እውነት አንድ ናቸው ወይ የሚል ሰው ደጋ ወጥቶ የገብስ ማሳ ውስጥ ሲናርን ቢያይ አይከፋም።

ሲናር የአጃ ዘመድ ነው። ቡቃያ ሳለ ከገብስ መለየቱ ያስቸግራል። የሚያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን ቦታ ያያል፤ ገብስ እዚያ ላይ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉት፣ ሲናር ጆሮ የለውም። ፍሬ ሲይዝ ግን ይጋለጣል። የገብሱ ዛላ ጥቅጥቅ ብሎ ሲቆም፣ የሲናሩ ፍሬ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያኔ ለማረም ረፍዷል፤ ብዙ ገበሬም አይጨነቅበትም። ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ እንጀራና ጠላ ይሆናል።

እንክርዳድ ሌላ ነው። ዱቄት ውስጥ ከበዛ ራስ ያዞራል፤ ሰፌድ ላይ እየተለቀመ የሚጣለው ለዚህ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጠላት በሌሊት ስንዴ ላይ የዘራው እሱን ነው። አገልጋዮቹ ሊነቅሉት ሲነሡ ባለ እርሻው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ብሎ ከለከላቸው። የጥንቱ የክርስትና መምህር አውግስጢኖስ፣ ቤተ ክርስቲያን የንጹሓን ብቻ ናት ከሚሉት ዶናቲስቶች ጋር ሲሟገት ይህን ምሳሌ ይዞ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ለትዕግሥቱ ሌላ ምክንያት ጨመረ፤ ከእንክርዳዱ መካከል ተለውጠው ስንዴ የሚሆኑ ይኖራሉ አለ። ገበሬ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ሲናር ግን ወደ እንዲህ ያለ ለውጥ ተጠግቷል። የዱር ወንድሙ ፍሬ እንደደረሰ ይረግፋል፤ ጠመዝማዛ ጢሙም እርጥበት ሲነካው እየተፈታ፣ ሲደርቅ እየተጠማዘዘ ፍሬውን አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። ሲናር ፍሬውን ይዞ አጫጁን ይጠብቃል። የረገፈው ማሳ ላይ ሲቀር፣ ያልረገፈው ጎተራ ገብቶ ከገብሱ ዘር ጋር ተመልሶ እየተዘራ ነው እዚህ የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ አጃ ራሱ በጥንት ዘመን የእህል አረም ሆኖ ጀምሮ ሰብል እንደሆነ ያስተምር ነበር። የሲናር የዱር ወንድም በሳይንሳዊ ስሙ አቬና ቫቪሎቪያና የተባለው በእሱ ነው።

ታዲያ ዮሐንስ አፈወርቅ ረታ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። እሱ የተናገረው በአንድ ዕድሜ ስለሚመለስ ሰው ነው። በማሳው ግን የሚረግፈው ተክል ረጋፊ እንደሆነ ሞተ፤ የተለወጠው ዘሩ ነው፣ ያለወጠውም ማጭድ ነው። ደግሞ ሲናር አረም ነው ወይስ እህል የሚለው ፍርድ ዛሬም አልጸናም። ቤት ውስጥ ማንም የማይለቅመው ሲናር፣ ያው ገብስ ለቢራ ብቅል ሊሸጥ ሲመዘን ባዕድ ነገር ተብሎ ይቆጠራል።