ረሳሁት

ከሃና ወደ ጂንካ መኪና የሚገኘው ሲገኝ ነው። እኔ በማግስቱ እንደምሄድ የሰማች ጓደኛዬ የትምህርት ማስረጃዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። «አደራ» አለችኝ፣ ሁለቴ።

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ውስጥ ለእሷው ሻሽ መርጬ፣ ብር ላወጣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

ምን ልበላችሁ። ስመለስ አልጮኸችብኝም። «ብታስቢልኝ ኖሮ አትረሺውም ነበር» ብቻ አለች። ሻሹን ልሰጣት አፈርኩ።

ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ ሐኪም የነገረኝ በ22 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ነው። እስከዛ ድረስ ዝንጉ ነበርኩ፣ በቃ። ወንበር ላይ የሚዘል ወንድ ልጅ ቶሎ ይታያል፤ አፏን ዘግታ በመስኮት ወደ ውጭ የምታይ ሴት ልጅን ግን «ጨዋ» ይሏታል። ጨዋነቴ የሚያልቀው ቡና ላይ ነበር። አቦሉን እጠጣለሁ፣ ቶናው ላይ እግሬ ይርገበገባል፣ በረካው ሳይደርስ ብድግ! ባለቤቷ «ቤቴ አስጠላት» ትላለች። ያቺን አንዲት ቃል ደግሞ እኔ ሳምንት ሙሉ ሳላምጣት እከርማለሁ። ሰው የነገረኝን እረሳለሁ፣ የተቀየመኝን ግን አልረሳም።

የጓደኛዬ አባባል የራሷ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋችንም እንደዛ ያስባል። ቀልብ ስንል ትኩረትም ነው፣ ልብም ነው። ስለዚህ ትኩረት ያጣ ሰው «ቀልበ ቢስ» ተብሎ ሁለቱንም ባንዴ ይነጠቃል። ደግሞ እዩት፦ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን፤ ነገሩ በእኛ ላይ የሚመጣ ነው። መርሳት ላይ ስንደርስ ግን «ረሳሁ»። አድራጊዋ እኔ ነኝ።

ሐኪሞቹም ከዚህ አልራቁም ነበር። ጆርጅ ስቲል የተባለው የእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪም በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች ሲያስተምር ችግሩን የሞራል ቁጥጥር ጉድለት ብሎ ነበር የጠራው። የኤዲኤችዲ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይሄው ትምህርት ነው።

ሌላም ነገር አንብቤ ነበር፣ የሚያስደስት። ከድንበራችን ማዶ ሰሜን ኬንያ አሪያል የሚባሉ አርብቶ አደሮች አሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከኤዲኤችዲ ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ የዘረመል ዓይነት ያላቸውን ወንዶች ተመለከተ። ከከብት ጋር በሚዘዋወሩት ዘንድ ይህ ዘረመል ያላቸው የተሻለ ሥጋ ነበራቸው፤ በሰፈሩት ዘንድ ግን ባለ ዘረመሎቹ ይበልጥ የከሱ ሆነው ተገኙ። ደስ አለኝ! የተሳሳትኩት እኔ ሳልሆን ወንበሩ ነው አልኩ። ሃና ዙሪያ የቦዲ ልጆች የከብቱን ቀለምና ጥለት በየስሙ ሲጠሩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እኔም እዛ ብወለድ ኖሮ እያልኩ ተመኘሁ።

ኧረ ቆይ። ጥጃ የጠፋበት እረኛስ አይጠየቅም እንዴ?

እዚህ ላይ ነው ምኞቴ የተሰበረው። አደራ የላኪዋን ዕቃ እንጂ የተቀባይዋን ልብ አይመዝንም፤ ወይ ደርሷል ወይ አልደረሰም። ለእሷ እያሰብኩ፣ ሻሿን በእጄ ይዤ ነው የረሳኋት፤ ስለዚህ «ብታስቢልኝ ኖሮ» ያለችው ልክ አይደለም፣ አሁንም እከራከራታለሁ። የተዘጋባት ምዝገባ ግን በክርክሬ አይከፈትም። «በሽታዬ ነው» ማለት ለምን እንደሆነ ይነግራታል። ዓመቷን አይመልስላትም። ሁለቱን አንድ ላይ ለመናገር ወራት ፈጀብኝ፤ ስናገርም ግማሹን አልቅሼ ነው።

ሻሹን ተቀበለችኝ። ብዙ አላወራችም።

ባለፈው ወር ወደ ጂንካ ልሄድ ስል ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። ስልኬን ከእጄ ወስዳ ራሷ አላርም ሞላችበት፣ አራት ቦታ። የመጀመሪያው ሲጮህ መኪናው ገና አልተነሳም ነበር።